ከቀኝ የሚከፈት ዚፕ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት በክንዳቸው አንጠልጥለው ወልድያ ወዳለው የእናቴ ልብስ ስፌት ቤት ገቡ። ጃኬቱ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋ ከኪሱ የማንጎ ሽታ ወጣ። የመርሳ ማንጎ! እናቴ "ማንጎ ያው ማንጎ ነው፤ አገሩን በጠረኑ አይናገርም" ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች? ማንጎው ከዛፉ ላይ አልቆ ብርቱካኑ እስኪበስል ድረስ መርሳ ላይ መንገድ ተዘግቶብኝ የከረምኩት እኔ ነኝ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የያዝኩት የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ከእጄ ወደቀ፤ ቁልፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ እየለቀምኩ ሽማግሌውን ከጫማቸው ጀምሬ ወደ ላይ አየኋቸው፤ የፕላስቲክ ጫማ፣ ባለ ሰንበር ሽርጥ፣ ነጭ ኮፍያ፣ በሂና የቀላ ፂም። ሸህ ይማም ናቸው። የሰዓዳ አያት። ቁልፍ መልቀሙን ትቼ እዚያው ወለሉ ላይ ብደበቅ በወደድኩ።

ትዝታ የሽበታሞች ሥራ ነው ይላሉ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንድም ሽበት የለኝም፤ ፈልጌያለሁ። ግን እኔም "በእኛ ጊዜ" የምለው ዘመን አለኝ። በእኛ ጊዜ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሃያ አምስት ብር ነበር፤ ባጃጅ ከጎንደር በር ፒያሳ በአምስት ብር ያደርስ ነበር፤ ሾፌሩ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጥ ነበር። በእኛ ጊዜ ልጅ ሁሉ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ዝናብ ላይ እየተንጫጨ ይሄዳል፤ የጫማው ቀዳዳ እግራችን ላይ የሚተወውን ክብ ክብ ምልክት እርስ በርስ እንቆጥር ነበር። መናኸሪያው አጥር ሥር ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። አሁን ቦታው ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ላስቲኩን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ከእሱ ነው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ኮሚክ በአሥር ብር የገዛሁት። እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ ስዕሉ ግን ገባኝ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኃይል ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ለየብቻ ይሸነፋሉ፤ አብረው ሲቆሙ ማንም አይችላቸውም። መሀሉ ላይ ስደርስ ሌላ ዓይነት ልብስ የለበሰ ሌላ ቡድን ከሌላ ታሪክ ዘልሎ ገባ። ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ሮጬ ሄጄ ሰውዬውን ጠየቅኩት።

"ክሮስኦቨር ይሉታል" አለኝ ጫት እንደሚመርጥ ሰው መጻሕፍቱን እያገላበጠ። "የሁለት መጽሐፍ ጀግኖች የሚገናኙበት ነው። እንደ ሠርግ በይው፤ የሙሽራው ወገንና የሙሽራይቱ ወገን።"

በዚያው ሳምንት የራሴን ቡድን ሠራሁ። ስማቸው "የጎንደር በር አራቱ" ነው። ባጃጅ የሚባለው ልጅ ሦስት እግር አለው፤ ሰው በማያልፍበት ቀዳዳ ይሾልካል። ኔትወርክ የሚባለው በሩቅ ያለ ሰው ሹክሹክታ ይሰማል። መብራት የምትባለው ከሁሉም ኃይለኛዋ ናት፤ መቼ እንደምትመጣ ግን ማንም አያውቅም። አለቃቸው ዚፕ ናት። አንገቷ ላይ አንዲት የዚፕ ራስ አንጠልጥላለች፤ ያቺን ግድግዳ ላይ ወይም ተራራ ላይ አስቀምጣ ስትስብ ተራራው እንደ ቀሚስ ጀርባ ይከፈታል። ዚፕ አጭር ናት፤ ቀጭን ናት፤ ስትናደድ መርፌ በከንፈሯ ትነክሳለች። እናቴን ነው የሳልኳት። እናቴ ግን ይህን አታውቅም። እሷ ስለ ስዕሌ የምታውቀው የሒሳብ ደብተሬ ከጀርባው እንደሚያልቅ ብቻ ነበር።

ፊደል ያስቆጠረችኝ የእናቴ እህት፣ አክስቴ አሰለፈች፣ ያኔ መርሳ አስተማሪ ነበረች። ትምህርት ሲዘጋ ለሦስት ቀን ልጠይቃት ሄድኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ አስገብታኝ፣ አዲስ የሰፋችልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ዚፕ ከኋላዬ ሽቅብ ሳብ አድርጋ፣ "ሐሙስ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ። ሲሪንቃን ስናልፍ ከመንገዱ ዳር በገመድ የተከፋፈሉ ማሳዎች አየሁና ኮሚክ መሰሉኝ፤ አንዱ ሳጥን ማሽላ፣ አንዱ ሳጥን ጤፍ። ሐሙስ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው፣ እሱን ትልልቆቹ ይጻፉት። እኔ የማውቀው ግቢውን ነው።

ግቢው ሁለት ቤት ነበረው፤ አንዱ የአክስቴ፣ ሌላው የሸህ ይማም። መሀል ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ። የቆርቆሮው በር ከውስጥ በወፍራም እንጨት ተደግፎ ነበር። ከበሩ እስከ ማንጎው ሥር ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው፤ እዚያው ስከርም ሠላሳ ሆነ፤ ግቢው ጠቦ ሳይሆን እግሬ አድጎ። አክስቴ ከኛ ጋር ሁሉንም ነገር በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ያቺ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ጩኸት ዝም የምታሰኝ ሴትዮ "ድምፅ ቀንሱ፣ ድምፅ ቀንሱ" እያለች ጉሮሮዋ ውስጥ ትዝታ ታንጎራጉራለች፤ ከወዲያኛው ቤት ደግሞ የሸሁ መንዙማ በቀስታ ይመጣል። ሁለቱ ግድግዳው ላይ ይገናኛሉ። ሸሁ በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ለሁላችንም "አብሽሩ!" ይላሉ። አይዟችሁ ማለታቸው ነው። ሌላ ወሬ ስላልነበረ እኔ ያንን እንደ ዜና ነበር የምጠብቀው።

ሰዓዳ እኩያዬ ናት፤ በቁመት ግን ትበልጠኛለች። እናቷ አረብ አገር የሄደችው ሰዓዳ አራት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ ከአያቷ ጋር አደገች። ገና በሁለተኛው ቀን ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ዘጋችልኝ። ሌላ ቀሚስ አልያዝኩም ነበር፤ ለሦስት ቀን የመጣ ሰው ምን ይይዛል? ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ሥራዋ ሆነ። መጀመሪያ በቀላሉ ነበር። በኋላ በኋላ ዚፑ ጀርባዬ መሀል ላይ መቆም ጀመረ።

"ሆድሽን ዋጥ አድርጊ!"

"ዋጥኩት እኮ!"

"አልዋጥሽም። ማንጎ ነው የዋጥሽ፤ እዩዋት አባባ፣ እንደ ቅል ተነፋች!"

"ተያት እባክሽ" ይላሉ ሸሁ ከውስጥ፤ "ይደግ ሰውነቷ። ጨርቅ ነው የሚጠበው።"

ስዕሌን ሳሳያት ሰዓዳ ሦስት ጊዜ አገላበጠችው። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ክብ ጠቁማ "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። "አረፋ ይባላል፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ውስጡ ይጻፋል" አልኳት። "አረፋማ በዓላችን ነው" አለች። "በግ የሚታረድበት። ስለዚህ የሰው አረፋ ባዶ መሆን የለበትም።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ንግግር መጻፍ "በግ ማስገባት" ተባለ። አክስቴ "ምን እየሠራችሁ ነው?" ስትለን "በግ እያስገባን" እንላታለን፤ የታሰረው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጭንቅላታችን ተነካ ብላ ታዝንልን ነበር።

በሳምንቱ ሰዓዳም ቡድን ሠራች። ሸህ ይማም ዓይን ያለው ስዕል አይወዱም፤ "ነፍስ መስጠት የማትችይውን ዓይን አትስጪው" ብለዋታል። ስለዚህ የሰዓዳ ጀግኖች ሁሉ ፊታቸው በሻሽ የተሸፈነ ነው፤ ስማቸውም "ባለሻሾቹ" ሆነ። ሸንኮራ የምትባለው በተቆረጠች ቁጥር በአንጓዋ ታድጋለች። ወንዝ የሚባለው በማንኛውም በር ሥር ይፈሳል። ዝም የምትባለው ስትመጣ የሚጮኸው ነገር ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ሽፋን በሌለው ኮሚኬ ላይ ጀግኖቹ ለምን ጭምብል እንደሚያደርጉ ገብቶኝ አያውቅም ነበር፤ የሰዓዳን ሳይ ገባኝ መሰለኝ። ፊት ሲሸፈን እጅ መናገር ይጀምራል። የእሷ ሰዎች እጅ እንዴት ያምር ነበር! የኔዎቹ እጅ ሹካ ነው።

ችግሩ ወረቀት ነው። ሱቅ የለም፤ ያለው አክስቴ የትምህርት ዕቅድ ልትጽፍበት ያስቀመጠችው አንድ ደብተር ብቻ። ለመነንና ሰጠችን። ሰዓዳ ወዲያው ደብተሩን ገለበጠችና "አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ" አለች። በቁርአን ትምህርቷ የለመደችው ነው፤ ለእሷ የደብተር ፊት በዚያ በኩል ነው። "መሀል፣ ሽቦው ጋ እንገናኛለን።" የኛ ክሮስኦቨር እሱ ነበር፤ "መጋጠሚያው" አልነው። እዚያ እስክንደርስ አንዳችን የሌላችንን ወገን ላናይ ማልን፤ እኔ በማርያም፣ እሷ በአላህ። ያንን መሐላ ለወራት አከበርነው። ግቢው ውስጥ ሌላ የሚከበር ነገር አልነበረም።

እኔ አራቱን ይዤ ሐራ በኩል ያለው የባቡር ዋሻ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ባቡር አይቶ የማያውቅ ዋሻ። ጠላት ተራራውን በላያቸው ዘጋው። ኔትወርክ መስማት አቃተው፤ መብራት እንደተለመደው የለችም፤ ባጃጅ ቀዳዳ አጣ። የዚፕ አንገት ላይ ያለችው የዚፕ ራስ ደግሞ ክሯ ተበጥሶ ውጭ ቀረች። እንዴት እንደማስወጣቸው ሳላውቅ ነው ያስገባኋቸው። ስምንት ገጽ ሙሉ ዋሻ ውስጥ ተቀመጡ። በየሳጥኑ ጥቁር ብቻ ነበር፤ እስክሪብቶዬ እስኪነጥፍ ድረስ አጠቆርኩት። አንዳንድ ሳጥን ላይ "ሐሙስ ነው?" "አይደለም" ብቻ ይባባላሉ። ሽቦው ጋ ስደርስ ለሰዓዳ "የመሀሉን ሉክ አንቺ ሥሪው፤ እኔ መውጫው ጠፍቶኛል፤ ዚፕን አውጪልኝ" አልኳት።

"እናትሽን?" አለች። አውቃ ኖሯል።

ሁለት ቀን ማንጎው ሥር ጀርባዋን ሰጥታን ሠራችው። በሁለተኛው ቀን ጧት ውኃ የሚቀዱ ሴቶች በሩ ጋ መጥተው ከአክስቴ ጋር ሲንሾካሾኩ "ወልድያ" የሚል ቃል ሰማሁ። ስቀርብ ዝም አሉ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ "ግቢ አንቺ ልጅ" አለችኝ። ምን እንደሰማች ብጠይቃት "ምንም" አለች። ከሁሉም ወሬ "ምንም" የሚባለው ያስፈራል። በዚያው ቀን ሰዓዳ ደብተሩን ከፍታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "አረፋዎቹን ባዶ ትቼልሻለሁ፤ በጉን አንቺ አስገቢ። ቃል የምታውቂ አንቺ ነሽ" አለችና እስካነብ አፍራ ወደ ቤቷ ገባች።

ከግራ ጀመርኩ። አራት ትልልቅ ሳጥኖች ናቸው፤ በሁለቱ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር። በመጀመሪያው ዚፕ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ወገቧን አቅፋታለች። በሁለተኛው ዚፕ ግማሽ አካሏ ተራራው ውስጥ ነው። በሦስተኛው ተራራው ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል፤ በስንጥቁ እጇ ብቻ ይታያል። በአራተኛው ተራራው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ባለሻሾቹ ዙሪያውን አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እንደ ቀብር።

ሴቶቹ፣ የአክስቴ ነጠላ፣ "ምንም" ያለችኝ፤ ሁሉም ተገጣጠመልኝ። ሰምተዋል፤ ሊነግሩኝ ስላልቻሉ በስዕል አስነገሩኝ ብዬ አሰብኩ። ሰዓዳ ስትወጣ ቆሜ ጠበቅኳት።

"ወደድሽው?" አለች ፈገግ ብላ።

"ስለ እናቴ ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም። ምን ሆንሽ ማሂ?"

"ቀብረሻታል! አውጪልኝ አልኩሽ፤ ቀበርሻት!"

"ቀበርኳት? እኔ? እስኪ እንደገና እዪው፣ ወላሂ..."

አላየሁትም። የመሀሉን ሉክ ከሽቦው ነቀልኩት፤ ከዚያ ደብተሩን ከመታጠፊያው ለሁለት ቀደድኩና የእሷን ወገን እግሯ ሥር ጣልኩት። ይህን ሁሉ ይቅር ማለት ይቻል ነበር። ቀጥሎ ያልኩትን ግን አይመስለኝም። "የራስሽ እናት ጥላሽ ስለሄደች ነው የሰው እናት የምትቀብሪው" አልኳት።

ሰዓዳ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ሌላ ግቢ ተሠራ። ሠላሳ እርምጃ ከነበረው ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የኔ ሆነ፤ እሷ ማንጎው ጋ ስትሆን እኔ በሩ ጋ፣ እኔ ስመጣ እሷ ትገባለች። ቀሚሴን የሚዘጋልኝ አልነበረም። አክስቴን እንዳልጠይቃት ለምን እንደተጣላን ልትጠይቀኝ ነው፤ ስለዚህ ጀርባዬ ክፍት ሆኖ የአክስቴን ነጠላ ደርቤ እዞር ነበር፤ በዚያ ሙቀት! ሸህ ይማም አንድ ቀን አዩኝና ወደ ሰዓዳ መጋረጃ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ። "አብሽሪ" አሉኝ፤ ለብቻዬ።

አንድ ጧት ወደ ወልድያ የሚሄድ ኢሱዙ ተገኘ ተባለ። አክስቴ በሹክሹክታ ሳይሆን በጩኸት ጠራችኝ፤ ድምፅዋን ሳላውቀው ቀረሁ። በሩ ላይ ተደግፎ የነበረው እንጨት ሲነሳ ሥሩ ያለው መሬት ነጭ ሆኖ ነበር። የሰዓዳ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ አልወጣችም። እኔም አልጠራኋትም። ከሽንኩርት ጆንያ መሀል ተቀምጬ ሲሪንቃን አለፍኩ፤ የማሳዎቹን ሳጥኖች አረም ውጧቸዋል። እናቴ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። በሕይወት አለች! መርፌ በከንፈሯ ይዛለች! ስታቅፈኝ እጇ ጀርባዬ ላይ ክፍቱን ዚፕ አገኘው። ዳሰሰችው፤ እስከየት እንደደረሰ በጣቷ ለካችው። "እስካሁን ማን ነበር የሚዘጋልሽ?" አለችኝ።

ደስታው ሲበርድ ሐፍረቱ መጣ። እናቴ ካልሞተች እኔ ሰዓዳን የሰደብኳት በባዶ ነው። አክስቴ ተዛውራ ደሴ ገባች፤ መርሳ የሚያስኬደኝ ጉዳይ አልነበረም። ሚኒባስ በየሰዓቱ ነው፤ ስልኩም ይሠራል፤ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አምስት ዓመት ሙሉ ግን እኔ እዚያው ግቢ ነበርኩ። ሉኩን አጥፌ ከኔ የደብተር ግማሽ ጋር ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሥር፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ በታች አስቀመጥኩት፤ ዳግመኛ አላየሁትም። ሳጥንና አረፋ መሥራትም ተውኩ፤ ወደ ቃል ዞርኩ። ባዶ አረፋዎቹ ግን አንዳንዴ ክፍል ውስጥ እንኳ ትዝ ይሉኝ ነበር።

ይኸው እንግዲህ ሸህ ይማም ቅዳሜ ዕለት ከእናቴ ሱቅ ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቁልፍ እለቅማለሁ።

"ይቺ ነገር ትድናለች?" አሉ ጃኬቱን እያሳዩ።

"ትድናለች አባባ። ራሷ ናት ያለቀችው። ለእሷ ልክ የምትሆን ራስ ግን ዛሬ የለኝም፤ ለሳምንት ትደርሳለች" አለች እናቴ።

ሸሁ ወደ ታች አዩኝ። "አንቺ፣ ተነሺ እስኪ። የአስተማሪዋ የአሰለፈች እህት ልጅ አይደለሽም? ሱብሃነላህ! ቁመትሽ!"

"ነኝ አባባ። እንደምን አሉ? ሰዓዳ... ሰዓዳስ?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናት። እናቷም ገባችላት፤ ከመጣች ዓመት ሆናት።" ወለሉን አየሁ። ጨመሩ፦ "ሰዓዳ አንዳንዴ ታነሳሻለች። 'ያቺ የወልድያ ልጅ ያን ሉክ ቀዳ ጣለችው ይሆን?' ትላለች።"

"አልጣልኩትም" አልኩ። መሳቢያውን ጎትቼ አወጣሁት፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ለምን እንዳሳየኋቸው አላውቅም፤ ምናልባት እንዲፈርዱብኝ። "አባባ፣ አንቱ ይዩት። እናቴን መቅበሯ አይደለም?"

እናቴ የመኪናዋን እግር አቆመች። "ማንን?" አለች።

ሸህ ይማም መነጽራቸውን አወጡ፤ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እኔ በግራቸው ቆሜ ጣታቸውን እጠብቃለሁ። ጣታቸው እኔ ካለሁበት ራቀች፤ ወደ ቀኙ ጫፍ ሄደች፤ የተዘጋው ተራራ ላይ አረፈች።

"ይኸው ደረሱ" አሉ፤ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ ፊደል በፊደል ቀስ እያሉ። "ተዘግቶ አገኙት። አጎንብሰው አንዲት ነገር ይፈልጋሉ፤ መሬት ላይ። አገኟት መሰል።" ጣታቸው ወደ ግራ መጣች። "ይኸው፣ ሳቡት፤ ተራራው ትንሽ ተከፈተ፤ እጇ ወጣ።" እንደገና ወደ ግራ። "ግማሽ አካሏ ወጣ።" እንደገና፤ ወደ እኔ። "ይኸውና። ፀሐይ ላይ ናት። ልጇም አቀፈቻት። ምኑን ቀበረቻት? አንቺ፣ ወረቀቱን ከየት በኩል ነው ያነበብሽው?"

ከግራ! ከግራ ነው ያነበብኩት! ደብተሩን ከቀኝ የጀመረች ልጅ ሳጥኑን ከቀኝ እንደምትጀምር እንዴት አልገባኝም? ልብስ ሰፊ እናት ያለችኝ ልጅ፣ ያው አንዱ ዚፕ በወዲያ ሲሳብ ተዘጋ፣ በወዲህ ሲሳብ ተከፈተ እንደሚባል እንዴት ጠፋኝ? ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ሸሁ ግን ጣታቸውን ከመጨረሻው ሳጥን አላነሱም። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ዓይን ሠርታለች" አሉ።

እኔም አየሁ። ትንሿ ልጅ ሻሽ የላትም። ሰዓዳ በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ የሠራችው ፊት ያቺ ብቻ ናት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ከግራው በላይ ቅንድቤ ላይ ያለችው የኔዋ ጠባሳ። ፈራሁላት።

"ይህን ደብቃኛለች" አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን ትሁን፤ እናቷን የምታይ ልጅ በምኗ ትይ? ምን ልበላት ለሰዓዳ?"

"ከቀኝ በኩል አነበበችው በሏት" አልኩ። ሌላም ማለት ነበረብኝ፤ ስለ እናቷ ያልኩትን። "ያን ክፉ ቃል ደግሞ እንደ ጨው ስበላው ኖሬያለሁ በሏት። ጃኬቱን... ጃኬቱን እሷ ብትወስደው..."

"እነግራታለሁ። መምጣቱን ግን እሷ ታውቃለች" አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት ከዚያ ሁሉ ወር በላይ ረዘመብኝ። ረቡዕ ዕለት እናቴ የጃኬቱን ዚፕ ጨርሳ ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ስቤ እከፍተዋለሁ፤ ስቤ እዘጋዋለሁ። "ተይው፣ ገና ሳይወሰድ ልትጨርሽው ነው!" ትላለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት፣ ማንም የለም። አምስት ሰዓት፣ አንዲት ሴትዮ ለሠርግ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ሄደች። ሰባት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ጎንበስ ብዬ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየጠረግሁ ሳለ ከኋላዬ፣ ልክ በጀርባዬ መሀል፣ ጣት ነካኝ።

"ሆድሽን ዋጥ አድርጊ" አለኝ ድምፅ።

ዞር ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ። አሁንም በቁመት ትበልጠኛለች። ፌስታል የያዘችው ለጃኬቱ መውሰጃ አይደለም፤ ውስጡ የደብተሩ ግማሽ ነው፤ ጠርዙ ላይ አሁንም የመርሳ አፈር አለበት። "ሰዓዳ፣ ያን ቀን ያልኩሽ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አባባ ነግረውኛል። ጨው በዛ፣ ውኃ ጠጪበት" አለች። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ከዚያ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፦ "አምስት ዓመት! አንድ ሉክ ለማንበብ አምስት ዓመት! ምን ዓይነት አስተማሪ ነች ያስተማረችሽ?"

"አክስቴ ናት!"

"እሱማ ነው።"

ሁለቱን ግማሽ ባንኮኒው ላይ አጋጠምናቸው። ሽቦው የለም። እናቴ አይታ አይታ "ወረቀት በመኪና አይሰፋም፤ ይቀደዳል" አለች፤ እንዲህ እያለች ግን ቀጭን መርፌ ታስገባለች፤ ሰማያዊ ክር ትመርጣለች። የመሀሉን ሉክ በቦታው መሀል ላይ አስቀመጠችና በመታጠፊያው ላይ የመኪናውን መዘውር በእጇ እያዞረች፣ አንድ በአንድ እየወጋች፣ ቀስ ብላ ሰፋችው። ሰዓዳ ትንፋሿን ይዛ ነበር። እኔም።

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ደብተሩን መሀሉ ላይ ከፈተችው። "እስኪ ይሄ ስንት ጉድ ያመጣ ስዕል" አለች። "ይቺ መርፌ የነከሰች አጭር ሴትዮ ማን ናት?" ጣቷን በግራው ሳጥን ላይ አድርጋ ማንበብ ልትጀምር ስትል ሰዓዳና እኔ እኩል እጃችንን ሰደድን፤ ጣቷን ይዘን ወደ ቀኙ ጫፍ፣ የተዘጋው ተራራ ላይ ወሰድናት።

"ከዚህ ነው እማ" አልኳት።